ማየት እንደ መድኃኒት፦ የብራና ክታብና የፈውስ ጥያቄ

በኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች ደብተራዎች የሚያዘጋጁት ክታብ፣ ማለትም የግዕዝ ጸሎትንና ጠልሰም የሚባለውን ሥዕል አጣምሮ የያዘው የብራና ጥቅል፣ ሥነ ጥበብ ሰውን ይፈውሳል ወይ ለሚለው ጥያቄ ከብዙ የፍልስፍና ድርሳን ይልቅ የተጨበጠ መነሻ ይሰጣል። የብራናው ቁራጮች እርስ በርስ ተሰፍተው ርዝመታቸው ከታማሚው ቁመት ጋር እንዲተካከል ይደረጋል፤ በጥቁርና በቀይ ቀለም በሚጻፈው ጸሎት መካከል የባለቤቱ የክርስትና ስም ይገባል፤ ሰይፍ የመዘዙ መላእክት፣ መካከሉ ላይ የሰው ፊት ያለበት ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በተመልካቹ ላይ የሚያፈጡ ትልልቅ ዓይኖች ይሣሉበታል። በባህሉ አስተሳሰብ ሕመሙን የሚያመጣው ርኩስ መንፈስ በታማሚው ዓይን በኩል ሥዕሉን አይቶ ስለሚሸሽ፣ ሥዕሉ የሕክምናው ጌጥ ሳይሆን ራሱ ሕክምናው ነው።

ቤተ ክህነት ይህን በጥርጣሬ ማየቷ፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመንም ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ አስማትን አጥብቀው ማውገዛቸው አያስደንቅም፤ ፈውስ ከእግዚአብሔር ከሆነ ለቀለምና ለመስመር ምን ድርሻ ይቀራል?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ከ3,000 በላይ ጥናቶችን መርምሮ ሥነ ጥበብ በሽታን በመከላከልም ሆነ በሕክምና ረገድ አስተዋጽኦ እንዳለው ሲገልጽ ስለ መናፍስት አልተናገረም፤ የክታቡንም እምነት አያረጋግጥም። ሆኖም ስሙ የተጻፈበትንና በቁመቱ ልክ የተሠራውን ሥዕል ከአልጋው ትይዩ ሰቅሎ የሚያይ ታማሚ፣ ሕመሙ መልክ እንደተሰጠውና ብቻውን እንዳልተተወ ይሰማዋል ብሎ መገመት ይቻላል፤ ይህ ስሜት ደግሞ ከእምነቱ ተነጥሎ ሊቆም መቻሉ ያጠራጥራል።