ሁለት ሚዛን በአንድ ከረጢት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እግዚአብሔርን በፍጹም ልብ፣ በፍጹም ነፍስና በፍጹም ኃይል መውደድ እንደሚገባ የሚያዘውን ቃል ከመካከላችን የማያውቅ የለም። ከሕፃናት ክፍል ጀምሮ በቃላችን አጥንተነዋል፤ በጥያቄና መልስ ውድድርም ምዕራፍና ቁጥሩን ጠርቶ ለመለሰ አጨብጭበናል። ዘዳግም 6፥5 ነው። በዚሁ በኦሪት ዘዳግም ውስጥ ግን ለውድድር የማይመረጥ፣ በመድረክም ላይ እምብዛም የማይነሣ ሌላ ትእዛዝ አለ። በ25ኛው ምዕራፍ በ13ኛው ቁጥር ላይ ይገኛል። በዚያ ሥፍራ ሙሴ ለሕዝቡ የሚናገረው ስለ ከረጢት ነው። በአንድ ከረጢት ውስጥ አንዱ ከባድ፣ አንዱ ቀላል ሁለት ዓይነት የሚዛን ድንጋይ እንዳይዙ ይከለክላቸዋል። ይህን የሚያደርግ ሰው በከባዱ ድንጋይ ይገዛል፣ በቀላሉ ይሸጣልና።

ሁለቱ ትእዛዛት ሲታዩ ለየብቻ የቆሙ ይመስላሉ። አንዱ ስለ አምልኮ፣ ሌላው ስለ ገበያ ነው፤ አንዱን ለካህን፣ ሌላውን ለነጋዴ የምንተወው ዓይነት። ነገር ግን ሁለቱንም ያዘዘው አንድ አምላክ ነው፤ የሰማውም አንድ ሕዝብ ነው። 6ኛውን ምዕራፍ ጥቂት ወረድ ብለን ብናነብ ያ ፍቅር የት የት መኖር እንዳለበት ተዘርዝሮ እናገኛለን። በቤት ሲቀመጡ፣ በመንገድ ሲሄዱ፣ ሲተኙና ሲነሡ፣ በመቃኑና በደጁ ላይ ሳይቀር። በዚያ ሥፍራ መሠዊያው አልተጠራም። በሁለት ድንጋይ የሚሸጥ ሰው እንግዲህ የጎደለው ሐቀኝነት ብቻ አይደለም፤ ልቡም ሁለት ነው። አንዱን ልብ ለእግዚአብሔር ያሳያል፣ ሌላውን በከረጢቱ ይይዛል።

«ፍጹም» የሚለው ቃል ፈጸመ ከሚለው የወጣ ነው። የተጨረሰ፣ ሙሉ የሆነ፣ ጉድለት የሌለበት ማለት ነው። እግዚአብሔር የጠየቀን ያልተከፈለ ልብ እንጂ ትልቅ ልብ አይደለም። ጌታችን ታላቂቱን ትእዛዝ ለጠየቀው ጸሐፊ የመለሰለት በማርቆስ ወንጌል በ12ኛው ምዕራፍ ነው። ያ ምዕራፍ ሳይፈጸም በመባው ሣጥን አንጻር ተቀምጦ ሁለት ሳንቲም የጣለችውን መበለት ለደቀ መዛሙርቱ ያሳያቸዋል። ወንጌላዊው ሁለቱን ነገር ያቀራረበው እንዲያው አይመስለንም። ባለጠጎቹ የጣሉት ገንዘብ በቁጥር ብዙ ነበር፤ በቤታቸው የቀረው ግን ከጣሉት ይበልጥ ነበር። የእርስዋ ሁለት ሳንቲም ከኋላው ምንም አልቀረም። እንግዲህ «እኔ ምን አለኝና ለእግዚአብሔር እሰጣለሁ» የሚል ወጣት ቢኖር መልሱ እዚያው ሣጥኑ አጠገብ ቆማለች።

በሌላ በኩል የይሁዳ ንጉሥ አሜስያስ አለ (2ኛ ዜና 25)። ይህን ንጉሥ በስብከት ላይ ብዙ ሲጠሩት አንሰማም፤ ለእኛ ለወጣቶች ግን ከእርሱ ይልቅ የሚቀርበን ንጉሥ የለም ብንል ማጋነን አይሆንም። መጽሐፉ ክፉ ነበረ አይለውም። በእግዚአብሔር ፊት ቅን ነገር እንዳደረገ ይመሰክርለታል፤ ወዲያው ግን በፍጹም ልብ እንዳልነበረ ይጨምራል። ሕጉን ያውቃል፤ የአባቱን ገዳዮች ሲቀጣ ልጆቻቸውን አልነካም። ለጦርነት በመቶ መክሊት ብር ከእስራኤል ወታደር በቀጠረ ጊዜ የእግዚአብሔር ሰው መጥቶ እንዲያሰናብታቸው ነገረው። ንጉሡ ፈጥኖ የጠየቀው ስለ ሰጠው መቶ መክሊት ነበር፤ ብሩ ምን ሊሆን ነው አለ። ታዘዘ፣ ሰዎቹንም አሰናበተ፤ ነገር ግን ዓይኑ ከብሩ ላይ አልተነሣም። ከዚያ ኤዶማውያንን ድል አድርጎ ሲመለስ ጣዖቶቻቸውን ተሸክሞ መጣና ሰገደላቸው። የገዛ ሕዝባቸውን ከእጁ ሊያድኑ ላልቻሉ አማልክት ድል አድራጊው ራሱ ተንበረከከ! ከልቡ ያስቀረው ያ ቁራጭ ባዶውን አልቆየም፤ ሌላ ነገር ገብቶበት ተገኘ።

«ሙሉ ልብ የገዳማውያን ነው፤ በከተማ፣ በገበያና በትምህርት ቤት የሚኖር ሰው ከዚህ የተረፈውን ቢሰጥ ይበቃዋል» የሚል አሳብ በጉባኤያችን ደጋግሞ ይነሣል። በሶዶ ምድር የምትገኘው ምድረ ከብድ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ለእኛ ለእንሴኖዎች ሩቅ አይደለችም። በጥቅምት 5 እና በመጋቢት 5 ምእመናን ከየአቅጣጫው ይጎርፉባታል። ጻድቁ ከግብፅ ተነሥተው ወደ አገራችን እንደመጡ፣ በምድረ ከብድና በዝቋላ አናብስትና አናምርት እየተከተሏቸው በተጋድሎ እንደኖሩ ገድላቸው ይተርካል። በዝቋላ ባሕር ውስጥ ተዘቅዝቀው ለኢትዮጵያ ሕዝብ ምሕረትን እንደለመኑም ይነግረናል። ሁሉን ትተው ወደ በረሃ የወጡት አባት በበረሃ ሳሉ የተሸከሙት የሕዝቡን ጉዳይ ነበር። ከሰው ርቀው ሳለ ለሰው ሲለምኑ ኖሩ። እኛ ግን ደርሰን ተሳልመን፣ ጠበሉን በጠርሙስ ይዘን ስንመለስ የጉዟችን ፍሬ በጠርሙሱ ያለ ይመስለናል።

ስለ ታላቁ አባ እንጦንስ የሚነገረውንም እናስታውስ። በበረሃ ሳሉ በከተማ የሚኖር አንድ እርሳቸውን የሚተካከል ሰው እንዳለ ተገለጠላቸው። ሰውየው ሐኪም ነበር። ከሚያገኘው የተረፈውን ለድኾች ይሰጣል፤ ዕለት ዕለት ከመላእክት ጋር ቅዱስ፣ ቅዱስ፣ ቅዱስ እያለ ያመሰግናል። የመነኮሳት አባት የሚባሉት እንጦንስ ከሕመምተኛ ጋር ሲውል ከሚያመሽ ሰው ጋር ተመዘኑ። ይህን ታሪክ ጠብቀው ያቆዩልን ደግሞ መነኮሳቱ ራሳቸው ናቸው።

የቅርቡን ዘመን አብነት የሚፈልግ ወደ ምሥራቅ፣ ቆሼን አልፎ ዛሬ ባቱ ወደምትባለው ወደ ዝዋይ ይመልከት። የሸዋ ሊቀ ጳጳስ የነበሩት ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ በዚያ የካህናት ማሠልጠኛ አቋቁመው አስተማሩ። በ1974 ዓ.ም. የቤተ ክርስቲያናችንን ታሪክ በመጽሐፍ አሳተሙ። በዘመነ ደርግ፣ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ተማሪን «አድኃሪ» በሚያሰኝበት ጊዜ፣ የዩኒቨርስቲ ተማሪዎችን በክረምት ሰብስበው ሃይማኖታቸውን አስተማሯቸው። ሐምሌ 22 ቀን 1982 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ዐረፉ። ያስተማሯቸው ወጣቶች ክረምቱ ሲያልቅ ወደየትምህርታቸው ተመለሱ እንጂ ሁሉም ገዳም አልገቡም፤ በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳን ሲመሠረት ከሥሩ ያ የዝዋይ ትምህርት ነበረበት። ሊቀ ጳጳሱ ከሹመታቸው ክብር ጋር ተቀምጠው መኖር ይችሉ ነበር፤ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ከተማ እንመለስ። የማረቆ በርበሬ በመላው አገሪቱ ስሙ የታወቀ ነው፤ የእኛም ኑሮ ከዚያው ከቀዩ ዛላ ጋር የተያያዘ ነው። ደብተራችን፣ የዩኒቨርስቲ መንገዳችን፣ ለቤተ ክርስቲያን የምንሰጠው አሥራት ሳይቀር ከእርሱ ይወጣል። በየአገሩ የበርበሬ ገበያ የታወቀው ማታለል ደግሞ ከሙሴ ድንጋይ ይልቅ ቀላል ነው፤ ድንጋይ አያስፈልገውም፣ ውሃ ይበቃዋል። በደረቀው ዛላ ላይ ውሃ ሲረጩበት ይጠጣል፣ ይለሰልሳል፣ በሚዛን ላይ ይከብዳል። ሚዛኑ እውነተኛ ነው፤ ሐሰተኛው የተመዘነው ነገር ነው። እርጥብ ሆኖ በጆንያ የታሰረ በርበሬ ይሻግታል፤ ሻጋታውም አፍላቶክሲን የሚባል፣ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። ያንን የሚበላው የማናውቀው የአዲስ አበባ ሕፃን ነው፤ ወይም ከእኛ ገዝቶ ለልጆቹ የሚያስፈጭ ሙስሊም ጎረቤታችን። እርሱ ቅዳሴያችንን አይሰማም። የእኛን ክርስትና የሚያነብበው በጆንያው ውስጥ ነው።

ከገበያ ውጭ ነን የምንል ተማሪዎችም ከረጢት አለን። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በኩረጃ ምክንያት ተማሪዎች በየዩኒቨርስቲው ገብተው እንዲፈተኑት መደረጉን፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡትም 3.3 በመቶ ያህል ብቻ መሆናቸውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ስለዚያ ውጤት ብዙ ተብሏል፤ የመምህር እጥረት፣ የመጽሐፍ እጥረት፣ ጦርነት፤ ይህ ሁሉ እውነት ነው። በእኛ በኩል ግን አንድ ነገር ይቀራል። ለፈተናው ስለት የሚሳል፣ ጧት ጠበል ጠጥቶ በኪሱ አጤሬራ ይዞ የሚገባ ወጣት የሚለምነው ምንድን ነው? እግዚአብሔር ኩረጃውን እንዲሸፍንለት? ይህ ጸሎት ለእግዚአብሔር የተላከ አይመስለንም። አሜስያስ ካመጣቸው አማልክት ለአንዱ ነው።

ከዚህ የሚከብደውን ነገር ብንዘለው ደስ ባለን ነበር፤ ነገር ግን ስለ ፍጹም ልብ በእንሴኖ ሆኖ የሚጽፍ ሰው ሊዘለው አይችልም። በ2011 ዓ.ም. በመስቃንና በማረቆ ወንድማማች ሕዝቦች መካከል በተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል፣ ቤት ተቃጥሏል፣ ብዙዎች ከቀያቸው ተፈናቅለዋል። አብረው ገበያ የዋሉ፣ አብረው የቀበሩ ሰዎች ተለያዩ። ማን ጀመረ የሚለውን ለመፍረድ አይደለም የምንጽፈው። ዮሐንስ በመጀመሪያይቱ መልእክቱ በ4ኛው ምዕራፍ የሚያየውን ወንድሙን የሚጠላ ሰው የማያየውን እግዚአብሔርን እወዳለሁ ቢል ሐሰተኛ እንደሆነ ይነግረናል። ሐሰተኛ የሚለው ቃል ከባድ ነው፤ ደካማ ወይም ያልበሰለ አላለውም። ለራስ ወገን ሞት ማልቀስ፣ የሌላውን ሞት ሲሰሙ ግን ዝም ማለት፤ ይህ በአንድ ከረጢት ሁለት ድንጋይ ካልሆነ ምን ሊባል ይችላል? ጌታም መባውን በመሠዊያ ፊት ይዞ ለቆመ ሰው ያዘዘው መባውን እዚያው ትቶ ሄዶ እንዲታረቅ ነው (ማቴ. 5፥23-24)። ከቤተ መቅደስ ውጣ ማለቱ ነው። የፍጹም ልብ መንገድ አንዳንድ ጊዜ ከቅጽረ ቤተ ክርስቲያን ወደ ውጭ፣ ወደዚያ ሰው ደጅ ይወስዳል።

በመጨረሻ ከአባላት መካከል የተነሣ አንድ ጥያቄ አለ። አባት ልጁን «ውሃ አምጣና በርበሬው ላይ እርጭ» ቢለው ልጁ ምን ያድርግ? አባትህን አክብር የሚለውም የእግዚአብሔር ትእዛዝ ነው። አባትየው ክፉ ስለሆነ አይደለም ይህን የሚለው፤ የማዳበሪያ ዕዳ አለበት፣ ነጋዴው ዋጋውን ሰብሮበታል፣ ጎረቤቱም እንደዚሁ ያደርጋል። በአባት ላይ ድምፅን ከፍ ማድረግ በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ይገባልም ብለን አንመክርም። እንደሚመስለን ልጁ ባልዲውን አያነሣም፤ ነገር ግን ከአባቱ ፊት አይሸሽም። «አባባ፣ ይህን ማድረግ አልችልም» ብሎ እዚያው አጠገቡ ይቆማል፤ በርበሬውን ሊያሰጣ፣ ሊለቅም፣ ጆንያውን ሊሸከም፣ የጎደለውንም ብር በሌላ ሥራ ሊፈልግ ይነሣል። ትእዛዙ በፍጹም ኃይል ይላልና። ደረቅ በርበሬ በሐቅ የሸጠ ቤት በዚያ ሳምንት ጥቂት ብር ይጎድልበት ይሆናል፤ ያንን ጉድለት ልጁ ብቻውን እንዳይሸከመው የሰንበት ትምህርት ቤታችን ምን ሊያግዝ ይችላል የሚለውን በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቶቻችን ባሉበት እንወያይበታለን። አባቶቻችሁና እናቶቻችሁ ቢመጡልን ደስ ይለናል፤ ስለ በርበሬ ከእኛ ይልቅ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።