ስለ ልብ፥ ስለ አንጎልና ስለሚዘነጋው ተማሪ

በአገራችን ልማድ አንድ ሕፃን የተነገረውን ሳይዝ ሲቀር «ልብ የለውም» ይባላል፤ የያዘ እንደ ሆነ ደግሞ «ልባም ነው» ተብሎ ይመሰገናል። አበው ነፍስን ሕያዊት፥ ነባቢት፥ ለባዊት ብለው ሲያስተምሩ ለባዊት ያሏት ከዚሁ ከልብ ወስደው ነው። ቅዱስ ሉቃስም እመቤታችን የሰማችውን ሁሉ በልቧ ትጠብቅ እንደ ነበር ጽፏል። የዛሬው የነርቭ ሳይንስ ግን ማሰብም፥ መማርም፥ ማስታወስም በአንጎል ሥራ እንደሚፈጸም ያስረዳል። ከዚህ የተነሣ ሁለት ጥያቄ ይመጣል። አንደኛው «እንግዲያስ የነፍስ ድርሻዋ ምንድን ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛውና ለእኔ ይልቁን አስቸኳይ መስሎ የሚታየኝ «ልብ የለውም ብለን ከጉባኤ ያራቅነው ሕፃን ምን በደለ?» የሚለው ነው።

ስለ ፊተኛው ብዙ አላትትም። ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ በ4ኛው መቶ ዓመት ስለ ሰው አፈጣጠር ሲጽፍ፥ አሳብን አንዳንዶቹ በልብ፥ አንዳንዶቹ በአንጎል ያኖሩት እንደ ነበር ያውቅ ነበር። እርሱ ግን ነገሩን በዜማ መሣሪያ መስሎ አስረድቷል፤ ባለሙያው ምንም ቢራቀቅ መሣሪያው ከተሰበረ ሙያው አይሰማም። በገና ለሚደረድር የአገራችን ሰው ይህን ምሳሌ ማብራራት አያስፈልግም፤ አውታሩ የላላ እንደ ሆነ ጥፋቱን በደርዳሪው ላይ የሚጭን ማነው?

ለዚህም ማስረጃ የሚሆን አንድ ታሪክ አለ። በ1953 እ.ኤ.አ. ሄንሪ ሞሌይሰን የተባለ አሜሪካዊ ከሚጥል በሽታ ለመዳን ሲል በቀዶ ሕክምና ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ከግራና ከቀኝ አብዛኛው ተወሰደበት። ከዚያ ወዲህ ይነጋገር ነበር፤ የልጅነቱንም ነገር ያወሳ ነበር፤ አሁን የተዋወቀውን ሰው ግን ጥቂት ቆይቶ አያውቀውም። ብሬንዳ ሚልነር የተባለችው ተመራማሪ በመስተዋት ብቻ እያየ ሥዕል በእርሳስ እንዲከተል በየቀኑ ብታለማምደው፥ መለማመዱን ራሱን እየዘነጋ እጁ ግን እየሠለጠነ ሄደ። እንግዲህ መርሳት ሁልጊዜ ስንፍና አይደለም፤ የሚያውቀውም ክፍል አንድ ብቻ አይደለም።

በሰው አንጎል ውስጥ 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋሳት አሉ። እያንዳንዱ ከብዙ ሌሎች ጋር ይያያዛል፤ ትምህርት ማለትም በአብዛኛው የዚህ መያያዝ መጠንከር ነው። በሰሜን ወሎ፥ በመርሳና በወልድያ አካባቢ፥ ወደ ሐራ ገበያ የሚወርድ ሰው ይህን በእግሩ ያውቀዋል። በሣር ላይ አንድ ጊዜ ብቻ የተሄደበት ዱካ ብዙ ሳይቆይ ይጠፋል፤ ገበያተኛ እየተመላለሰ የረገጠው ግን መንገድ ሆኖ ይቀራል። በ1885 እ.ኤ.አ. ጥናቱን ያሳተመው ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸውን ድምፆች ራሱ እያጠና፥ ሰው የያዘውን ወዲያው በብዛት እንደሚረሳ፥ ጥናቱን በልዩ ልዩ ቀን ከፍሎ ቢመላለስበት ግን በአንድ ጊዜ ከመደራረብ የበለጠ እንደሚጸናለት አሳይቷል።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ የንባብ ቤታችን ትዝ አለኝ። ሕፃኑ ፊደል ከቆጠረ በኋላ በመልእክተ ዮሐንስ ሲገባ ያንኑ ገጽ መጀመሪያ በቁጥር፥ ቀጥሎ በግዕዝ፥ ከዚያ በውርድ ንባብ፥ በመጨረሻም በቁም ንባብ ይወጣዋል። ቃሉ አንድ ሲሆን በየጊዜው በሌላ ድምፅ ይመለሳል። ማታ ደግሞ መጽሐፍ በማይታይበት ጨለማ የቃል ትምህርት ይቀበላል። በዚያው በወሎ ስሙ የታወቀው የዋድላ ቅኔ ቤት ተማሪም የሰማውን መድገም ብቻ አይበቃውም፤ ራሱ ቅኔ ቆጥሮ በመምህሩ ፊት ያቀርባል። ሙሴም በኦሪት ዘዳግም በ6ኛው ምዕራፍ ለልጆች ስለሚሰጥ ትምህርት የሠራው ሥርዓት ከቤት እስከ መንገድ፥ ከመኝታ እስከ መነሣት የሚመላለስ ነው። አባቶቻችን ስለ ነርቭ ሕዋስ የነገራቸው አልነበረም፤ ነገር ግን ተማሪን ያውቁ ነበር።

ሁሉን ግን አላመሰግንም። ሕፃኑ በቀን የተማረው በሌሊት እንቅልፍ ጊዜ በአንጎሉ ውስጥ እንደሚጸና ዛሬ ታውቋል፤ እንግዲህ እንቅልፉን ነሥቶ ማስጠናት በአንድ እጅ እየዘሩ በሌላው መንቀል ነው። አንጎልም ከሰውነት ክብደት በመቶ 2 ያህል ብቻ ሲሆን ከጉልበቱ በመቶ 20 ያህሉን ይወስዳል፤ ታዳጊ ሕፃንማ ከዚህ የበለጠ ይፈልጋል። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በደጃችን የሚቆመው ተማሪ የሚለምነው እንጀራ ብቻ መስሎን ከሆነ ተሳስተናል፤ የነገውን ንባብ የሚይዝበትንም ነው። ረሃብ አእምሮን ይስላል የሚሉ አሉ፤ ይህን ከጾም ጋር አያምታቱብን፤ ጾም ሌላ፥ መራብ ሌላ ነው።

ስለ ፍርሃት ደግሞ ወሎ ሊመሰክር ይችላል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ በገባ ጊዜ፥ በኋላም በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ በተነሣው ግጭት፥ ብዙ ሕፃናት ከትምህርታቸው ተለያይተዋል፤ የመሣሪያ ድምፅም ሰምተው አድገዋል። የቆየ ጭንቀት ሂፖካምፐስን እንደሚጎዳና የማስታወስን ኃይል እንደሚያዳክም ጥናት ያመለክታል። እንዲህ ያለው ልጅ ትናንት ያነበበውን ዛሬ ቢስተው «ጋኔን ይዞታል» ማለት፥ ወይም አለንጋ ማንሣት፥ በፈራው ላይ ሌላ ፍርሃት መጨመር ነው። አለንጋው ልጁን ጸጥ ያሰኘዋል፤ ጸጥታውን ግን መማር አድርገው የሚቆጥሩ መምህራን አይቻለሁ፤ እኔም አንድ ጊዜ ከእነርሱ አንዱ ነበርሁ።

ስለዚህ በሐራና በአካባቢዋ የምታስተምሩ የኔታዎች፥ ተማሪው ሲስት ከፊተኛው ገጽ መልሳችሁ በዝግታ አስነብቡት፤ ሲደክመው አስተኙት፤ በማግሥቱም የትናንቱን አስቀድማችሁ ጠይቁት። ወላጆችም ልጁን ወደ ንባብ ቤት ስትልኩት ቁርሱን አብልታችሁ ላኩት።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2010 እ.ኤ.አ. ስታኒስላስ ደሃነ ከባልደረቦቹ ጋር ያወጣው ጥናት፥ ከአደጉ በኋላ ንባብ የተማሩ ሰዎችም አንጎላቸው ለፊደል እንደሚለወጥ አሳይቷል። ዕድሜዋ የገፋ እናት ዳዊት ልድገም ብላ ፊደል ለመቁጠር ብትመጣ፥ ጊዜዋ አልፏል ሳትሉ ከሕፃናቱ ጎን ቦታ ስጧት።