ስም የሌለው መልክ፥ መልክ የሌለው ስም

ሰው የሞተበትን ወዳጅ ሊያስብ ሲወድ ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ አንደኛው መልኩን ማየት፥ ሁለተኛውም ስሙን መጥራት ነው። መልኩ ከዓይን ቢርቅ ስሙ ይቀራል፤ ስሙም ከአፍ የጠፋ እንደ ሆነ ሟቹ ዳግመኛ የሞተ ያህል ነው። ነገር ግን ሟቾቹ በመቶ ሺህና በሚሊዮን የሚቈጠሩ በሆኑ ጊዜ ሕያዋን እንዴት አድርገው ሊያስቧቸው ይገባል? በሲኒማ ቤት ተቀምጦ ሞታቸውን መመልከትስ መታሰቢያ ነውን? ወይስ የዓይን መዝናኛ? ይህ ጥያቄ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጋር አብሮ ተወለደ፤ እስከ ዛሬም ድረስ አልተዘጋም።

በአውሮፓ አቈጣጠር በ1916 ዓ.ም. ጁላይ 1 ቀን (ከዚህ በታች ያለውም ዘመን ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው) የእንግሊዝ ሠራዊት በፈረንሳይ አገር በሶም ወንዝ አጠገብ በጀርመኖች ምሽግ ላይ ተነሣ። በዚያ በአንድ ቀን ብቻ ከእንግሊዝ ወገን ከ57,000 የሚበልጥ ሰው ሞተ፥ ቈሰለ፥ ጠፋ፤ ከነዚሁም የሞቱት ከ19,000 በላይ ናቸው። ጄፍሪ ማሊንስና ጆን ማክዶዌል የሚባሉ ሁለት ሰዎች በዚያው ስፍራ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ያነሡ ነበር። ሥራቸውም «የሶም ጦርነት» ተብሎ በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ለሕዝብ ታየ። ጦርነቱ ግን ገና አላበቃም ነበር፤ እስከ ኖቬምበር ቈይቶአልና። በስድስት ሳምንት ውስጥ 20 ሚሊዮን ያህል የመግቢያ ቲኬት እንደ ተሸጠ ይገመታል።

ያን ጊዜ የዱራም ካቴድራል አለቃ የነበሩት ኸንስሊ ሄንሰን ታይምስ በሚባለው ጋዜጣ ላይ ተቃውሞ ጻፉ። የነገራቸውም ፍሬ፥ የወታደሮች ሞት ለመዝናኛ መቅረቡ የኀዘንተኛውን ልብ ያቈስላል፥ የኀዘንንም ክብር ያረክሳል የሚል ነበር። ልጆቻቸው በጦር ሜዳ ከሞቱባቸው ወላጆች አንዳንዶቹ ግን ይህን አልተቀበሉም፤ ልጃቸው ያየውን መከራ በዓይናቸው አይተው ለመረዳት እንደሚወዱ ገለጡ። አለቃው ስለ ሙታን ክብር ተናገሩ፤ ወላጆቹም ስለ እውነት ተናገሩ። ሁለቱም ወገን ከፍቅር የተናገረ ስለ ሆነ አንዱን ብቻ ትክክል ነው ብሎ ሌላውን መኰነን አይቻልም።

ይሁን እንጂ እውነትን ለማየት የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የሚያየውን ነገር መመርመር አለበት። በዚያ ፊልም ውስጥ ወታደሮች ከምሽጋቸው ወጥተው ወደ ጠላት ሲሄዱ፥ አንዳንዶቹም ሲወድቁ የሚታይበት እጅግ የታወቀው ክፍል ከጦር ሜዳው በስተኋላ በልምምድ ስፍራ የተቀነባበረ እንደ ሆነ ሊቃውንት መርምረው አረጋግጠዋል። የዚያን ዘመን ተመልካች እውነተኛ ሞት ያየ መስሎት ደነገጠ። ከፊልሙ የሚበዛው ክፍል ግን የእውነተኛ ሰዎች ሥዕል ነው፤ ስለዚህም ዩኔስኮ በ2005 ዓ.ም. በዓለም መዛግብት ቅርስ ውስጥ አገባው። እንግዲህ ፊልሙን ለሕዝብ የሚያሳይ ሁሉ የተቀነባበረውን ክፍል ለይቶ መናገር ግዴታው ነው፤ በሐሰት የፈሰሰ እንባ ለሙታን ክብር አይሆንምና።

ከዚህም በቀር ፊልሙ አንድ ትልቅ ጕድለት አለበት። ወጣቶቹ ወደ ተመልካቹ እያዩ ፈገግ ይላሉ፥ ባርኔጣቸውን ያነሣሉ፥ ቍስለኛ ጓደኛቸውን ተሸክመው ያልፋሉ፤ ነገር ግን ከነርሱ የሚበዙት ስማቸው ማን እንደ ሆነ አይታወቅም። መልክ አለ፥ ስም የለም። ከዚያው ጦር ሜዳ ላይ ደግሞ በቲፕቫል መንደር በ1932 ዓ.ም. የተመረቀ ታላቅ ሐውልት ቆሞአል። በርሱም ላይ መቃብራቸው ያልታወቀ ከ72,000 የሚበልጡ የእንግሊዝና የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ስም ተቀርጾአል። በዚያም ስም አለ፥ መልክ የለም። ምናልባትም በፊልሙ ላይ ከሚስቀው ወጣት የአንዱ ስም በዚያ ድንጋይ ላይ ይገኝ ይሆናል፤ ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ግን የለም።

መልክንና ስምን የሚያቀራርብ ሦስተኛ ነገር ቢኖር ስፍራ ነው። ስለዚህ የመታሰቢያ መንገድ ተበጀ። በሶም ከአልቤር ከተማ እስከ ፔሮን ድረስ በቀይ አበባ ምልክት የሚመራ መንገድ አለ፤ መንገደኛውም በርሱ እየተመራ ወደ ምሽጎቹ፥ ወደ መቃብሮቹና ወደ ሐውልቶቹ ይደርሳል። በቦሞን አሜል የኒውፋውንድላንድ ወታደሮች የተነሡበት ምሽግ እስከ ዛሬ ሣር ለብሶ ይታያል። በዚያ ጠዋት 800 ያህል ሆነው ወጡ፤ በማግሥቱ ስም በተጠራ ጊዜ አቤት ያሉት 68 ብቻ ነበሩ። በፍሪኩር ደግሞ ከ17,000 በላይ ጀርመኖች ተቀብረዋል፤ እነዚህንም የወለደች እናት አልቅሳለች። በወንበር ላይ ተቀምጦ ለአንድ ወገን ብቻ ያለቀሰ ሰው በእግሩ ሲሄድ የጠላቱን መቃብር ሳያይ ማለፍ አይችልም። በእንግሊዝ አገርም በ2014 እና በ2018 ዓ.ም. መካከል መቶኛው ዓመት ሲታሰብ ብዙ መንደሮች እንዲሁ አደረጉ። በአደባባያቸው ሐውልት ላይ ያለውን ስም ይዘው የሟቹን ቤት፥ የተማረበትን ትምህርት ቤት፥ የሠራበትን ስፍራ ፈልገው መንገድ አበጁለት።

ፊልሙም በዚያው ዘመን እንደ ገና ወጣ። ሎራ ሮሲ በ2006 ዓ.ም. ለፊልሙ የደረሰችውን ዜማ የየአገሩ ሙዚቀኞች በፊልሙ ፊት እየተጫወቱ በልዩ ልዩ ከተማ ታየ። በ2018 ዓ.ም. ደግሞ ፒተር ጃክሰን የጥንቱን ሥዕል ቀለም ቀብቶ፥ በቀሩት ወታደሮች ድምፅ አስተርኮ አዲስ ፊልም ሠራ። እነዚህ ሁሉ መልካም ሥራዎች ናቸው፤ ሆኖም አደጋ አለባቸው። ዜማው እያማረ፥ ቀለሙ እየደመቀ በሄደ መጠን ተመልካቹ የሞትን ነገር ሳይሆን የጥበብን ነገር አድንቆ ወደ ቤቱ ይመለሳል። መንገዱም ቢሆን ከዚህ አደጋ አያመልጥም፤ መቃብርን ለሽርሽር ብቻ የሚጐበኝ ሰው ሞልቶአልና። «የሞተ ተጐዳ» የሚለው ተረት እንዲህ ባለው ሰው ይፈጸማል።

እንግዲህ ልዩነቱ በፊልሙና በመንገዱ መካከል አይደለም፤ ልዩነቱ ያየው ሰው ካየ በኋላ በሚያደርገው ነገር ነው። በአገራችን ተዝካር የሚያወጣ ሰው የሟቹን ስም አስጠርቶ ብቻ አይቀመጥም፤ በስሙ ለድኻ ያበላል። መታሰቢያው ዋጋ ያስከፍለዋል። ሌላውም መታሰቢያ በዚሁ ሚዛን ቢመዘን ይገባል፤ ያየው ሰው ከርሱ የሚፈለገውን ዕዳ ሳያውቅ የሚወጣበት መታሰቢያ ከጨዋታ አይለይም።

ዕዳውም ገና ያልተከፈለ መሆኑ በ2021 ዓ.ም. ተገለጠ። የወታደሮችን መቃብር የሚጠብቀው የእንግሊዝና የተባባሪ አገሮች ኮሚሽን በ1917 ዓ.ም. ሲቋቋም ሟቹን ሁሉ ያለ ልዩነት እኩል ለማክበር ቃል ገብቶ ነበር። በ2021 ዓ.ም. ያወጣው የራሱ ምርመራ ግን ቢያንስ 116,000፥ ምናልባትም እስከ 350,000 የሚደርሱ ሟቾች ስማቸው ሳይጻፍ ወይም ፈጽሞ ሳይታሰቡ እንደ ቀሩ አስታወቀ። የሚበዙትም የምሥራቅ አፍሪካና የግብፅ ሰዎች ናቸው። ኮሚሽኑም ስለዚህ ነገር ይቅርታ ጠየቀ። በናይሮቢ፥ በሞምባሳና በዳሬሰላም የነሐስ ሐውልት ቆሞላቸዋል፤ የሟቾቹ ስም ግን አልተጻፈበትም። እነዚህ በፊልም ላይ መልክ የላቸውም፥ በድንጋይ ላይም ስም የላቸውም።

ስፍራ ግን አላቸው። በዳሬሰላም ካሪያኮ የሚባል ታላቅ ገበያ፥ በናይሮቢም ካሪዮኮር የሚባል ሰፈር አለ፤ ሁለቱም ስማቸውን ያገኙት ለእንግሊዝ ጦር ስንቅና ጥይት ከተሸከሙት ከዚያ የአፍሪካውያን ጭፍራ ነው። በየቀኑ ብዙ ሕዝብ ቅርጫቱን ይዞ በዚያ ይመላለሳል። መንገዱ ከተጠረገ ቈይቶአል፤ የቀረው ነገር፥ የሚሄድበት ሰው በማን ስም ላይ እንደሚራመድ የሚነግረው ማግኘት ነው። የጦርነትን መታሰቢያ የሚያዘጋጅ ሁሉ አስቀድሞ ሊያስብ የሚገባው ስለ እነዚህ ነው፤ መልክ ያለው በመልኩ፥ ስም ያለውም በስሙ ይታወሳልና።