ድንጋዩ በማን እጅ ነው?



በዝሙት ተያዘች የተባለችው ሴት ወደ ጌታችን ስትቀርብ ብቻዋን ነበረች። አብሯት የነበረው ወንድ ወዴት ሄደ?

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ1996 ዓ.ም. ያወጣው የወንጀል ሕግ ገላዋን ሸጣ የምታድረውን ሴት ስለዚሁ ብቻ አይቀጣም። በአንቀጽ 634 ግን በእርሷ ገላ የሚነግደውን አቃጣሪና ለዚሁ ቤት የሚይዘውን ይቀጣል። አንቀጽ 648 ደግሞ ልጅን ያለ ዕድሜዋ ያገባውን ይቀጣል።

እኛ የደብረ ማርቆስ ልጆች ግን ፍርዱን ገልብጠነዋል። ከልጅነት ጋብቻ ሸሽታ ከገጠር የመጣችውን፣ ቡና ቤት ያደረችውን እኅታችንን ስም እናወጣላታለን። በእርሷ የከበረውን «ጋሼ» ብለን እጅ እንነሣለን፤ የዳሯትን ወላጆች በሰንበቴ ከፍ ካለ ስፍራ እናስቀምጣለን።

ምክር ቤት አንቀጽ ያወጣል፤ ድንጋዩን ከእጃችን ማስጣል ግን የእኛ ፈንታ ነው። ጌታ ሴቲቱን ሳይፈርድባት፣ ዳግመኛ እንዳትበድል ነግሮ አሰናበታት። ዛሬ የምትመለሰዋስ ማደሪያ፣ ሥራ፣ ትምህርት ከወዴት ታገኛለች? እንግዲህ በስሟ እንጥራት፤ በጉባኤያችን ስፍራ እንልቀቅላት፤ በጎረቤታችንም ሕፃን ስትዳር ዝም አንበል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።