ከወንዙ ማዶ ወሬ እስኪመጣ



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ እኔው ራሴ ካጠፋሁት ጥፋት ይጀምራል። ታናሽ እህቴ ሰባት ዓመት ጅዳ ውስጥ በሰው ቤት ሠርታ ባለፈው ዓመት ወደ አገሯ ተመለሰች። የላከችው ገንዘብ ለአባታችን ሕክምናና ለታናናሾቻችን ትምህርት አልቋል። ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ትዳር የለ፣ ሥራ የለ። የቀድሞ ጓደኞቿ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ያመላልሳሉ፤ እሷ መስኮት አጠገብ ትቀመጣለች። አንድ ቀን ስታለቅስ አገኘኋትና፣ «ኢማንሽን አጠንክሪ እንጂ! ሙእሚን እንዲህ አይጨነቅም» አልኳት። ዲግሪዬን የጫንኩ፣ በጋዜጣ ሰው የምመክር ነኝና ቃሉ አልቸገረኝም። እንባዋን ጠረገች። ከዚያ ወዲያ እኔ ባለሁበት አላለቀሰችም፤ አላወራችምም።

ምን እንደሠራሁ የገባኝ ከሳምንታት በኋላ የእናታችንን የኡሙ ሰለማን (ረ.ዐ.) ታሪክ መልሼ ሳነብ ነው። ኡሙ ሰለማ በ615 እ.ኤ.አ. ከጀመረው ስደት ጋር ከባለቤታቸው ከአቡ ሰለማ ጋር ወደዚህችው ሐበሻ መጥተዋል። ነጃሺ በክብር ተቀብሏቸው ሲኖሩ ድንገት አንድ ሰው ተነስቶ ንግሥናውን ሊቀማ ጦር አሰለፈ። ስደተኞቹ ምን ሊያደርጉ ይችላሉ? ወደ መካ መመለስ ስቃይ ነው፤ እዚህም ነጃሺ ከተሸነፈ የሚመጣው ሰው መብታቸውን የሚያውቅ ላይሆን ይችላል። ኡሙ ሰለማ ያን ጊዜ ካዘኑት ሐዘን የበረታ ሐዘን እንደማያስታውሱ ተናግረዋል። ልብ በሉ! ይህን የተናገሩት ስለ እምነታቸው አገራቸውን ጥለው የወጡ ሰዎች ናቸው። ኢማናቸው ደካማ ነበር የሚል ማን ደፋር አለ?

ነገር ግን አዝነው ብቻ አልተቀመጡም። ጦርነቱ ከወንዝ ማዶ ነበርና ሄዶ ወሬ የሚያመጣ ሰው ፈለጉ። ከመካከላቸው በዕድሜ ከትንሾቹ አንዱ የሆነው ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ.) እኔ እሄዳለሁ አለ። የውኃ አቁማዳ ነፍተው ሰጡት፤ በደረቱ ሥር አድርጎ ዋኝቶ ተሻገረ። የቀሩት ለነጃሺ ድል ዱዓ አደረጉ። ከዚያ ጠበቁ። በመጨረሻም ዙበይር ልብሱን እያውለበለበ እየሮጠ የነጃሺን ማሸነፍ አበሰራቸው።

የኡሙ ሰለማ መከራ በዚህ አላበቃም። ወደ መዲና ሲሰደዱ የራሳቸው ጎሳ ከባለቤታቸው ለያቸው፤ የባል ወገን ደግሞ ሕፃኑን ልጃቸውን ወሰደ። አንድ ዓመት ለሚሆን ጊዜ በየቀኑ አብጠሕ ከሚባለው ቦታ እየሄዱ እስኪመሽ ያለቅሱ ነበር። በኋላም አቡ ሰለማ በኡሑድ የቆሰሉት ቁስል አመርቅዞ በ4ኛው ዓመተ ሂጅራ ሲሞቱ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያስተማሩትን፣ ከጠፋው የተሻለ እንዲተካ አላህን የሚለምነውን ዱዓ አሉ። እያሉም ግን ልባቸው ከአቡ ሰለማ የሚሻል ማን ሊገኝ ብሎ ይጠይቅ ነበር። ልብ ገና ሳይቀበል ምላስ ዱዓውን ሊያደርግ ይችላል ማለት ነው። የተተካላቸውም ነቢዩ ራሳቸው ሆኑ።

እኛ ግን ሶብርን ድንጋይ መሆን አስመስለነዋል። በመስጊድ በር ላይ «ሶብር አድርግ» ማለት እንደ ሰላምታ ሆኗል። ሶብር አድርግ ያልነው ሰው ቤት ጎራ ብለን እራት መኖሩን ያየን ስንቶቻችን ነን? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሐም እና ከሐዘን በአላህ መጠበቅን ያበዙ እንደነበር አነስ (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል። ዑለማዎች ሐም ገና ላልመጣው መጨነቅ፣ ሐዘን ላለፈው መተከዝ ነው ይላሉ። ከአንዱ ኑሮ ወጥቶ ወደ ሌላው ያልደረሰ ሰው ሁለቱንም በአንድ ቀን ይሸከማል። ሸክም ባይሆን ኖሮ ነቢዩ ከእሱ መጠበቅን ባልለመኑ ነበር።

ኢስቲኻራንም ቢሆን ብዙዎቻችን ሕልም መጠበቂያ አድርገነዋል። ሁለት ረከዓ ሰግደን እንተኛና ነጭ ነገር አየን፣ ጥቁር ነገር አየን እንላለን። ጃቢር (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት ሐዲስ ግን ስለ ሕልም የተነገረ የለም። ነገሩ መልካም ከሆነ እንዲገራልን፣ ካልሆነ እንዲያርቅልን፣ ከዚያም መልካሙ የትም ቢሆን እንድንወደው ማድረጉን እንለምናለን። መውደዱ ራሱ በልመና የሚመጣ ነገር ነው፤ ከሰው በግዴታ የሚጠየቅ አይደለም።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ በአንድ ጁሙዓ ማታ ከእህቴ ጎን ተቀመጥኩና አውፍ በይኝ አልኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ኋላ፣ «ጅዳ ሳለሁ የምመለስበትን ቀን እቆጥር ነበር፤ አሁን የምቆጥረው ቀን የለኝም» አለችኝ። ምክር በአፌ መጣ፤ ዋጥኩት። ኢሻ አዛን እስኪል ድረስ ስለ አሠሪዎቿ፣ ስላሳደገቻቸው ልጆች፣ አንዱ ስትሄድ እንዴት ቀሚሷን እንደያዘ ነገረችኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

አሁን ጎረቤታችን ካለች አንዲት ሴት ልብስ ስፌት መማር ጀምራለች። የፊታችን ቅዳሜ መርካቶ ወርደን የጨርቅና የመኪና ዋጋ እናያለን። ገንዘቡ ይበቃል አይበቃም ገና አላወቅንም። ኢስቲኻራዋን ሰግዳለች፤ አልፎ አልፎም ታለቅሳለች፣ እኔ ባለሁበት።