አባት ከልጁ ቢማር ክብሩ ይቀንሳልን?

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ በሺምሾን ሰፈር አንድ አባት ከልጃቸው ጋር ትንሽ ባቡር ይሠራሉ። ሐዲዱ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል። በዚህ ልክ፣ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ምድር ባቡር፣ 784 ኪሎ ሜትሩ ወደ 9 ይወርዳል።

ሽቦውን የሚያገናኘው ልጁ ነው፤ በየቢሮውም የሚያስተረጉምላቸው እሱ ነው። ጎረቤት "ትልቅ ሰው ለልጅ ይታዘዛል እንዴ?" ይላል። እኛም ወላጆችን ስንመክር "በልጅ ፊት ክብራችሁን ጠብቁ" እንል ነበር፤ ምን ማለታችን እንደነበር እንጃ። አባትየው "ይቺን አላውቃትም፣ አሳየኝ" ይላሉ። ልጁም ወታደር ሳሉ ስለተሳፈሩበት ባቡር ይጠይቃቸዋል፤ በፊት ጠይቋቸው አያውቅም።

ሰንበት ሲገባ ኤሌክትሪክ አይነካም፤ ባቡሩ ይቆማል። ልጁ ግን "አባባ፣ የድሬዳዋ ጣቢያ መስኮቱ ስንት ነበር?" እያለ ነው።