በጆሮ የሚዘራ ዘር



ሞያሌ በኢትዮጵያና በኬንያ ድንበር ላይ ያለች፣ በአንድ ስም ሁለት ከተማ የሆነች ስፍራ ናት። በኬንያው ወገን፣ በማርሳቢት ካውንቲ፣ የሚያድገውን ሕፃን እንመልከት። በቤቱ የቦረናን ኦሮምኛ ይሰማል፤ በትምህርት ቤት ስዋሕሊና እንግሊዝኛ ይማራል፤ ብርና ሽልንግ በሚመነዘርበት ገበያ ደግሞ አማርኛና ሱማልኛ ይሰማል። የገበያውን ቋንቋ አስቀምጦ ሰዋስው ያስተማረው የለም፤ ነገር ግን ዕለት ዕለት ከመስማቱ የተነሣ ያውቀዋል፤ ካወቀውም በኋላ ይወደዋል።

ይህን ነገር ሊቃውንትም መርምረውታል። በፖላንድ ተወልዶ በአሜሪካ ያስተማረው ሮበርት ዛዮንትስ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1968 ባወጣው ጥናት፣ እንግዳ ቃላትንና የቻይና ፊደል የሚመስሉ ምልክቶችን ትርጕማቸውን ለማያውቁ ሰዎች አሳየ፤ አንዳንዱን አንድ ጊዜ፣ አንዳንዱን እስከ 25 ጊዜ። ሰዎቹም አብዝተው ያዩት ምልክት መልካም ትርጕም ያለው መሰላቸው። ያባበላቸው አልነበረም፤ መላመዱ ብቻውን በቃ።

እንግዲህ በዚህ ነገር ተስፋም ፍርሃትም አለ፤ ልብ በጎውንና ክፉውን ሳይለይ የለመደውን ይወዳልና። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 በሞያሌ ግጭት በተነሣ ጊዜ ብዙ ሺህ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ወደ ኬንያ ተሰደዱ። የእንዲህ ያለው እሳት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ነገር ግን በየቤቱ በጎረቤት ላይ የሚነገር ክፉ ቃል በየትም አገር ማገዶው ነው። አንድ ጊዜ ሲሰሙት ያስደነግጣል፤ አሥር ጊዜ ሲሰሙት እውነት ይመስላል፤ ከዚያም ወዲያ ይጣፍጣል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ይህ ነው። ልጆቻችን ከእኛ አፍ ዕለት ዕለት የሚሰሙት ምንድር ነው?

ስለዚህ ሙሴ በዘዳግም ምዕራፍ 6 ቃሉ ለልጆች በቤትም በመንገድም፣ ማታም ጧትም እንዲነገር አዘዘ። በ1529 ሁለቱን ካቴኪዝሞች ያወጣው ማርቲን ሉተርም፣ ሊቅ ሳለ፣ ዐሠርቱን ትእዛዛት፣ የሃይማኖት መግለጫውንና የጌታን ጸሎት እንደ ሕፃን በየማለዳው እንደሚደግም መስክሮአል። የለመደውን አልናቀም፤ ዕለት ዕለት ከእርሱ ተማረ እንጂ።

ነገር ግን መደጋገም በራሱ አያድንም። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ከንቱ ድግግሞሽን ነቅፎአል። ጆሮ ቃሉን ሊለምድ ልብ ግን ሊደነድን ይችላል። እምነትን የሚሰጥ መንፈስ ቅዱስ ነው፤ እርሱ ግን በሚሰማው ቃል ይሠራልና፣ እኛ ጆሮአችንን ከቃሉ አናርቅ።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ከራት በኋላ አንዲት የመዝሙረ ዳዊት ክፍል በየማታው ደግመን እናንብብ። ከእኛ ወገን ስላልሆነውም ጎረቤት በልጆቻችን ፊት አንድ መልካም እውነት እንናገር፤ ነገም እንድገመው። ዛሬ እንግዳ የሆነባቸው ፍቅር ነገ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይሆን ዘንድ እግዚአብሔር ይርዳን። አሜን።